«ስደተኛዋ ሴት» ሆኜ ልጫወት?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንባቢ ጽፋልኛለች። በትወና ተመርቃለች። አሁን ከብዙ አገር ተዋናዮችን የሰበሰበ ትልቅ ፊልም ላይ ሚና አግኝታለች። የምትጫወታት ሴት ግን ስም የላትም። ስክሪፕቱ «ስደተኛዋ ሴት» ብቻ ይላታል። ሦስት መስመር ትናገራለች፣ ታለቅሳለች፣ አለቀ። «ፖስተሩን ለማሳመር የፈለጉኝ ይመስለኛል፤ እምቢ ካልኩ ደግሞ ዕድሉ ያመልጠኛል» ትላለች። እናቷ «ነርሲንግ ተማሪ» እያሉ ይጨቀጭቋታል። ስሟን ማሳጠር እንዳለባትም ጠይቃኛለች።

እህቴ፣ ጥርጣሬሽ ከመሬት የተነሳ አይደለም። የኦስካር አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ደንብ አውጥቷል። ከ2024ቱ ሽልማት ጀምሮ ለምርጥ ፊልም የሚወዳደር ሥራ ከአራት መስፈርቶች ቢያንስ ሁለቱን ማሟላት አለበት። አንደኛው ስክሪን ላይ የሚታየውን ይመለከታል። ጥቁር ወይም እስያዊ መሪ ተዋናይ ያለው ፊልም ይህን መስፈርት ያልፋል። ሌላም መንገድ አለ፦ አነስተኛ ሚና ካላቸው ተዋናዮች 30 በመቶው ሴቶችን፣ ጥቁሮችን፣ አካል ጉዳተኞችን ከመሳሰሉ ቡድኖች ቢያንስ ከሁለቱ ከሆኑ ይበቃል። ቆጠራው ሰው ይቆጥራል እንጂ ሰውየው ምን እንደሚሠራ አይጠይቅም። ሦስት መስመር ያላትም ሠላሳ መስመር ያላትም እኩል ትቆጠራለች።

ያንን መጠየቅ ያንቺ ፋንታ ነው። ይህቺ ሴት ምን ትፈልጋለች? ምን ትወስናለች? ብትወጣ ታሪኩ ይጎድላል? በ2021 የወጣውን «ኢተርናልስ» የተባለ የልዕለ ኃያላን ፊልም አስቢ። ማካሪን የተጫወተችው ሎረን ሪድሎፍ መስማት የተሳናት ናት። ገጸ ባሕሪው ኮሚክ መጽሐፉ ላይ ወንድ ነበር። እሷ በምልክት ቋንቋ ታወራለች፤ ግን እዚያ ያለችው እንድናዝንላት አይደለም፤ ማንም የማይደርስባት ሯጭ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ አየርላንድ ያደገችው ሩት ኔጋም በ2017 ለኦስካር የታጨችው አሜሪካዊት ሆና በመሪነት ተጫውታ ነው።

ስለ ፀጉርሽም ጠይቂ። ሜካፕ ክፍሉ ውስጥ የኛን ፀጉር መሥራት የሚችል ሰው አለ? ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ፀጉራቸውን ቤት ተሠርተው፣ የፊት ቀለማቸውን (ፋውንዴሽን) በቦርሳ ይዘው ቀረጻ እንደሚሄዱ የተናገሩ ጥቁር ተዋናዮች ብዙ ናቸው። ሌሎቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲሠራላቸው አንቺ ጥግ ይዘሽ ሹሩባሽን ራስሽ የምታስተካክዪ ከሆነ፣ ብዝኃነቱ ከፖስተሩ አላለፈም ማለት ነው።

የኔ ምክር፦ ሚናውን ተቀበይ፤ ግን ለሴትየዋ ስም እንዲሰጧት ጠይቂ። እምቢ ቢሉም ሥሪው፤ ክፍያ ነው፣ ልምድ ነው። እዚያ ግን እንዳትቀሪ። ከአራቱ መስፈርቶች ሌላኛው ክፍያ ያለው ልምምድና ሥልጠናን ይመለከታል። ያ በር ላንቺም ክፍት ነው። ካስቲንግ ላይ፣ ማለትም ተዋናዮች የሚመረጡበት ክፍል፣ አመልክቺ። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት እንጀራዬን የበላሁት በካስቲንግ ቢሮ ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ «እሷ ለምን ሐኪሟ አትሆንም?» የሚል ሰው ካለ ሚናው ይቀየራል፤ ከሌለ እንደተጻፈ ይቀራል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ተዋናይዋ ስትጠራ አብዛኛው ነገር አልቋል። ደግሞ ቢሮው ውስጥ ያለ ሰው የቤት ኪራዩን ከየት እንደሚከፍል ያውቃል።

ነርሲንጉን በተመለከተ በግልጽ ልንገርሽ። እናትሽ የሚፈሩት ገንዘብ ማጣትሽን ነው፤ ፍርሃታቸው ይገባኛል። ነገር ግን የማትወጂውን ሙያ ለመጠባበቂያ ብለሽ መማር ዕዳ ውስጥ መግባት ነው። በሽተኛም ልቧ ሌላ ቦታ ያለ ነርስ አይገባውም። «የእገሌ ልጅ እኮ ቤት ገዛች» የሚለው ንጽጽር ደግሞ ይብቃ። እሳቸውን የሚያሳምናቸው ሂሳብ ነው፦ ተለማማጅ ይህን ያህል ይከፈለዋል፣ ኪራዬ ይህን ያህል ነው ብለሽ አስቀምጪላቸው።

ስምሽን አታሳጥሪ። ተዋናዩን «ቺወቴል ኤጂዮፎር» ብሎ መጥራት የለመደ ኢንዱስትሪ ያንቺንም ይለምዳል።

ኮንትራቱ ከተፈረመ በኋላ መጠየቅ ይከብዳል። ስለዚህ የስሙንና የፀጉሩን ጥያቄ በዚህ ሳምንት በኢሜይል ላኪላቸው።