ከማይክሮስኮፑ ጀርባ ሆኜ ስለ እምነት የተማርኩት

ውድ ልጆቼ፣

ጅማ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በላቦራቶሪ ባለሙያነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሳይንስና ሃይማኖት ይጣላሉ ወይስ ይታረቃሉ እያላችሁ ቡና ላይ ስትከራከሩ እሰማችኋለሁ፤ እኔ ግን ጉዳዩን የተማርኩት ከአክታ ምርመራ ነው (ለጨዋታ የማይመች ቦታ መሆኑን አላጣሁትም)።

ስላይድ በምንለው ቀጭን መስታወት ላይ የደረቀው አክታ በቀይ ቀለም ተነክሮ ከሞቀ በኋላ በአሲድና በአልኮል ሲታጠብ ሌላው ሁሉ ቀለሙን ይለቃል፤ የቲቢ ባክቴሪያ ግን ሰም መሰል ሽፋን ስላለው ቀዩን እንደያዘ ይቀራል፤ በሰማያዊ መደብ ላይም እንደ ቀጫጭን ዘንግ ሆኖ ይታያል። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ ይህን ባክቴሪያ ማግኘቱን በ1882 እ.ኤ.አ. ካስታወቀበት ጊዜ ጀምሮ ቄስም ይየው ሼህ፣ ያው ዘንግ ነው።

ወጣት ሳለሁ አንዲት እናት አንገቱ ላይ ክታብ ያሰረ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ክታቡን እያየሁ፣ ሰው እየሰማ፣ «ይሄ ሳንባ ያክማል?» ብዬ ሳቅሁ። ሴትዮዋ ናሙናውን ሰጥታ ሄደች፤ ለውጤቱ ግን አልተመለሰችም። ውጤቱ ፖዘቲቭ ነበር። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ሰነበተ፤ ልጁን ዳግመኛ አላየሁትም። እሷ ይዛው የመጣችው ጥያቄ «ለምን የእኔ ልጅ?» የሚል እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሚነከር ቀለም የለኝም።

ይህን ስል ጸሎት ይበቃል ብሎ ክኒን የሚያስጥለውን ሰው በትሕትና እለፉት ማለቴ አይደለም። የቲቢ ሕክምና ቢያንስ ለብዙዎቹ ስድስት ወር የሚወስድ በመሆኑ ረመዳን ወይም ከአጽዋማቱ አንዱ ሳይገባበት አያልፍም፤ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ደግሞ መድኃኒት የማይበግረውን ባክቴሪያ ለቤተሰቡ ሊያተርፍ ይችላል። ነገር ግን ቁርኣን ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያካክስ መፍቀዱን ከእኔ ይልቅ ሼሁ ሲናገሩት ይሰማል። የያኔው የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ በይፋ ሲናገሩ፣ የእኛ ፖስተር ያልደረሰበት ልብ ውስጥ ገብተዋል።

ከዓመታት በኋላ ከጅሬን በኩል አንድ አዛውንት ሼህ የሚያስል ደረሳቸውን (የቁርኣን ተማሪያቸውን) ይዘው መጡ። ልጁ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ሽንቱ ስለቀላ ደም መስሎት ፈርቶ አቁሞ ነበር፤ ቅላቱ ሪፋምፒሲን ከሚባለው የቲቢ መድኃኒት የመጣ መሆኑን አስረዳሁ። ከዚያም ሼሁን ወደ ማይክሮስኮፑ ጋበዝኳቸው። ጥምጥማቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ጎንበስ አሉና ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ፤ «ሱብሃነላህ» አሉ። ቀጥለውም ዘንጎቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቁኝ። ገና እየቆጠርኩ መሆኔን ስነግራቸው ወንበሩን ለቀቁልኝና፣ «እንግዲያ ሳትቸኩል ቁጠር፤ እኛ እንጠብቃለን» ብለው ከልጁ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።