ቨርቹዋል ማሽን ክሎን ስታደርጉ የሚፈጠሩት የዲስክ ፋይሎች፦ ጥያቄና መልስ

ከመጀመራችን በፊት፦ ስትጠይቁ የምትጠቀሙበትን ሶፍትዌር፣ ክሎኑ (የማሽኑ ቅጂ) ፉል (ራሱን የቻለ) ይሁን ሊንክድ (ከእናት ዲስክ ጋር የተያያዘ)፣ ስናፕሾት (የአንድ ቅጽበት የዲስክ ሁኔታ) ይኑረው አይኑረው ጻፉ። አንድም ፋይል ከመንካታችሁ በፊት ማሽኑን አጥፉና ፎልደሩን በሙሉ ኮፒ አድርጉ።

ጥያቄ፦ ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ላይ 40 ጊጋባይት ዲስክ ያለው ማሽን ፉል ክሎን ሳደርግ 12 የቪኤምዲኬ (የቨርቹዋል ዲስክ) ፋይሎች ተፈጠሩ። አንዱ 2 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። ትክክለኛው ዲስክ የቱ ነው?

መልስ፦ ሁሉም። ትንሿ ዲስክሪፕተር (የዲስኩ ክፍሎች የተዘረዘሩባት የጽሑፍ ፋይል) ነች፤ በኖትፓድ ትከፈታለች። ዳታው ያለው ኤስ001፣ ኤስ002 እያሉ በሚቀጥሉት 11 ፋይሎች ነው። ዲስክሪፕተሯን ስትከፍት ፋይሎቹ በተዘረዘሩበት፣ ከመጨረሻው በቀር በእያንዳንዱ መስመር 8323072 የሚል ቁጥር ታያለህ። የሴክተር ብዛት ነው፤ በ512 ባይት ስታባዛው 4 ጊጋባይት ሊሞላ ጥቂት የቀረው መጠን ይሰጥሃል። 40 ጊጋ 83886080 ሴክተር ነው። ለ8323072 አካፍለው፤ 10 ሙሉ ፋይል ይወጣና 655360 ሴክተር፣ ማለትም 320 ሜጋባይት ይተርፋል። 11ኛው ፋይል ያ ትርፍ ነው። «ትንሽ ስለሆነ ተበላሽቷል» ብሎ የሚሰርዘው ሰው አይጠፋም። የዲስኩ ጅራት ነው፣ አትንኩት። ገና ያልተጻፈበት ክፍልም ፋይሉ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎባይት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ጤነኛ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ፋይል ስሙ መጨረሻ ላይ ሲኤል1 የሚል አለው። ሊንክድ ክሎን ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ክሎን መሆኑን እንጂ ዓይነቱን አይነግርህም። በፋይል ስም ወይም በመጠን አትፍረዱ፤ ዲስክሪፕተሩን ክፈቱ። ሁለት መስመር ይበቃል። አንደኛው ፓረንት ሲአይዲ (የእናት ዲስኩ መለያ ቁጥር) የሚለው ነው፦ ስምንት ኤፍ ተደርድሮ ካየህ ዲስኩ እናት የለውም፣ ራሱን የቻለ ነው። ሌላ ቁጥር ካለ ግን ፓረንት ፋይል ኔም ሂንት የሚል መስመር አብሮ ታገኛለህ፤ የእናት ዲስኩ አድራሻ እዚያ ተጽፏል። ያንን እናት ዲስክ ብታንቀሳቅሰው፣ ስሙን ብትቀይረው ወይም ብትሰርዘው ልጁ አይነሳም።

ጥያቄ፦ ሊንክድ ክሎኔን ስከፍት «እናት ዲስኩ ልጁ ከተፈጠረ በኋላ ተቀይሯል» ይላል። እናት ማሽኑን አንድ ቀን አስነስቼው ነበር።

መልስ፦ ማስነሳቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ሊንክድ ክሎን የሚሠራው ከእናቲቱ ስናፕሾት ላይ ነው፤ ስናፕሾቱ ሲወሰድ የቀድሞው ዲስክ ይቆለፍና እናቲቱ ከዚያ ወዲህ የምትጽፈው 000001 የሚል ቁጥር ባለው አዲስ ፋይል ላይ ይሆናል። ጥፋቱ የሚመጣው ያን ስናፕሾት ስትሰርዝ ወይም የተቆለፈውን ዲስክ ሌላ ማሽን ላይ ስትሰካው ነው። ሲጻፍበት ሲአይዲው ይለወጣል፤ ልጁ የያዘው ግን የድሮውን ቁጥር ነው። የትኛውን እንዳደረግህ ንገረኝ።

አባል፦ ምን ያስቸግራል፣ የልጁን ፓረንት ሲአይዲ ከእናቱ ሲአይዲ ጋር አመሳስሎ ሴቭ ማድረግ ነው። ይነሳል።

መልስ፦ ይነሳል፤ ከዚያስ? ልጁ የያዘው የተቀየሩትን ብሎኮች ብቻ ነው፣ የቀረውን የሚያነበው ከእናቱ ነው። እናቲቱ በእርግጥ ከተጻፈባት የፋይል ሲስተሙ ግማሽ የድሮ ግማሽ የአዲስ ሆኖ ይገጣጠማል። ቁጥር ማመሳሰል የሚያዋጣው ይዘቱ ሳይነካ ዲስክሪፕተሩ ብቻ ሲቀየር ነው። ያም ቢሆን በኮፒው ላይ።

ሌላ አባል፦ ለዚህ ነው ሊንክድ ክሎን ጨርሶ አትጠቀሙ የምለው። ፉል ክሎን አድርጎ መገላገል።

አባል፦ 20 የሙከራ ማሽን ባለ 40 ጊጋ ፉል ክሎን ስታደርግ ሆስቱ (ማሽኖቹን የተሸከመው ኮምፒውተር) ላይ እስከ 800 ጊጋ ይዞ ቁጭ ሊል ነው። በሊንክድ ግን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ጊጋ ይበቃል።

ሌላ አባል፦ መጀመሪያ ላይ! ሁሉም ዊንዶውስ አፕዴት ሲያደርጉ እንገናኝ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ክርክሩን ለብቻችሁ ጨርሱት።

ጥያቄ፦ ዲስኬ ሞላ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ዲስክ? የሆስቱ ወይስ የቨርቹዋል ማሽኑ? በምን ሶፍትዌር? መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን አንብበህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ኢኤስኤክስአይ (የቪኤምዌር ሰርቨር ሶፍትዌር) ላይ ፍላት የሚለው፣ ዳታው ያለበት ትልቁ ፋይል አለ፤ ዲስክሪፕተሩ ግን ጠፍቷል። ስናፕሾት የለውም። ዳታው አለቀለት?

መልስ፦ አላለቀም፤ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። በኤስኤስኤች (ከርቀት ትዕዛዝ በሚጻፍበት) ግባና የፍላቱን መጠን በባይት አንብብ፤ ለ40 ጊጋ 42949672960 ማየት አለብህ። «ወደ 40 ጊጋ» ብለህ እንዳትገምት፣ አንዲት ባይት አትሳሳት። ከዚያ በቪኤምኬኤፍኤስቱልስ ትዕዛዝ፣ በሰረዝ ሲ አማራጭ፣ ልክ በዚያው መጠን ቴምፕ የሚል ጊዜያዊ ዲስክ ፍጠር፤ ዓይነቱን ቲን አድርገው፣ ቦታ እንዳይዝብህ። የኮንትሮለሩን ዓይነት ከማሽኑ ቪኤምኤክስ (ማዋቀሪያ) ፋይል አይተህ አንድ አድርገው። አዲስ የተፈጠረውን የቴምፕ ፍላት ሰርዝ (የራስህን እንዳይሆን፣ ስሙን ሁለቴ አንብብ)፣ የቴምፕን ዲስክሪፕተር በጠፋው ስም ሰይመው። በቪአይ (የጽሑፍ ማረሚያው) ክፈተውና በአርደብልዩ የሚጀምረው መስመር ላይ የፍላቱን ስም በትክክለኛው ተካው። ዋናው ዲስክ ቲክ (ቦታውን አስቀድሞ የሚይዝ) ከነበረ ቲን ፕሮቪዥንድ የሚለውን መስመር አጥፋ። በመጨረሻ በዚያው ትዕዛዝ፣ በሰረዝ ኢ፣ ሰንሰለቱን (የእናትና ልጅ ዲስኮቹን ትስስር) አረጋግጥ። ስናፕሾት ያለው ሰው ግን በዚህ አያቁም፤ የአዲሱን ዲስክሪፕተር ሲአይዲ የመጀመሪያው ልጅ ከያዘው ፓረንት ሲአይዲ ጋር ማስተካከል አለበት።

ጥያቄ፦ 000001 የሚለውን ፋይል ልሰርዘው? ቦታ ይዞብኛል።

መልስ፦ አሁን ተናገርኩ እኮ። ስናፕሾቱ ከተወሰደ በኋላ የጻፍከው ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። የምትሰርዘው ከስናፕሾት ማናጀር ነው እንጂ ከፎልደር አይደለም። ሊንክድ ክሎን የተንጠለጠለበት ስናፕሾት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትንካው።

ጥያቄ፦ ቨርቹዋልቦክስ ላይ የቪዲአይ (የዲስክ) ፋይል ኮፒ አድርጌ ልጨምር ስል ዩዩአይዲው (መታወቂያ ቁጥሩ) ተመዝግቧል ብሎ እምቢ አለኝ።

መልስ፦ በፋይል ማናጀር ኮፒ ስታደርግ መታወቂያውም አብሮ ይገለበጣል። ኮፒውን ሰርዝና በቪቦክስማኔጅ ክሎን ሚዲየም ትዕዛዝ ድገመው፣ አዲስ ዩዩአይዲ ይሰጥሃል።

ጥያቄ፦ ኪውካው2 (የኪውኢኤምዩ የዲስክ ፋይል) ላይስ ሰንሰለቱን እንዴት ነው የማየው?

አባል፦ ኪውኢኤምዩ ኢሜጅ ኢንፎ በልና ባኪንግ ቼይን የሚለውን አማራጭ ጨምርበት። እናቱን እስከ ሥሩ ይዘረዝርልሃል።

መልስ፦ ልክ ነው። ቤዝ (የሥሩን) ፋይል ሪድ ኦንሊ አድርገው፤ ልጅ እያለው አይጻፍበትም።

ጥያቄ፦ ክሎኑ ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት የኮምፒውተር ስም አለው…

መልስ፦ እሱ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጉዳይ ነው፤ ሲስፕረፕ የሚለውን የዊንዶውስ መሣሪያ ፈልግ። የዲስክ ጥያቄ ያለው ይቀጥል።