ቀዳዳው ከቦርዱ ጋር አብሮ እንዲሄድ

ጥያቄዎን በአጭሩ ልድገመው። በፍሪካድ (የሦስት ገጽታ ንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም) ራስፕቤሪ ፓይ ለተባለው ትንሽ ባለአንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ቦርድ ሣጥን እየነደፉ ነው። ቦርዱን በሊንክ፣ ማለትም ዋናውን ቅርጽ በሚጠቅስ ቅጂ፣ አስገብተው የሶኬቶቹን ቀዳዳዎች በሣጥኑ ግድግዳ ላይ ቆርጠዋል። ቦርዱን ወደ ጎን ሲያስጠጉት አንዱ ቀዳዳ ባለበት ቀረ፣ ሌላው ከሚገባው በላይ ተጓዘ፤ የግድግዳውን ውፍረት ሲለውጡ ደግሞ ሦስተኛው ጭራሽ ወደ ሌላ ገጽ ዘለለ። «ሁሉንም አገናኝቼ ሳለ ለምን ይበታተናል?» ብለዋል።

እኔ የማየው ችግር ግንኙነት ማነሱን ሳይሆን መብዛቱን ነው። ያለቀለትን ቅርጽ ካለቀለት ቅርጽ ጋር አስረዋል፤ የቀዳዳው ስኬች (ቅርጹ የሚነሣበት ጠፍጣፋ ሥዕል) የሣጥኑን ገጽ ይዟል፣ ያ ገጽ ራሱ ከቀደሙት አምስት ሥራዎች የተገኘ ነው፣ ከነዚያ አንዱ ደግሞ የቦርዱን ጠርዝ ይጠይቃል። እንዲህ ባለ ሰንሰለት ውስጥ ቦታን የሚወስነው ማን እንደሆነ እርስዎም አያውቁትም፣ ፕሮግራሙም አያውቀውም።

ወደ መፍትሔው ከመሄድዎ በፊት ግን ሦስቱን ብልሽቶች ይለዩ፤ ምንጫቸው አንድ አይደለም። ቦርዱን በትክክል 10 ሚሊሜትር ያንቀሳቅሱና ቀዳዳው ስንት እንደሄደ ይለኩ። 20 ከሄደ ቦታው ሁለት ጊዜ ተደምሯል፤ አንድ ጊዜ ከቦርዱ፣ አንድ ጊዜ ቀዳዳውን ከያዘው ቦዲ (አንድ ጠጣር አካል) ወይም ፓርት (የአካላት ስብስብ)። ምንም ካልሄደ ቅርጹ ተሻግሯል፣ ቦታው ግን አልተሻገረም። ፍሪካድ ውስጥ ሊንክ ቅርጽን ይዋሳል እንጂ የራሱን ቦታ ይዞ ይቆማል፤ «ሊንክ ትራንስፎርም» የሚለው ባሕርይ እስካልበራ ድረስ ዋናውን ቢያንቀሳቅሱትም ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሼፕ ባይንደር (ቅርጽን ከአንድ ቦዲ ወደ ሌላ የሚያመጣ መሣሪያ) ከሆነ የተጠቀሙት «ትሬስ ሰፖርት» የሚለው ባሕርይ መብራቱን ይመልከቱ። በሁለት ቦዲዎች መካከል ሲሆን ግን እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ሌላውን ዓይነት፣ ሳብሼፕ ባይንደርን ነው፤ የቦታን ለውጥ ተከትሎ ይሄዳል።

የዘለለው ቀዳዳ ጉዳይ ከርቀት ጋር አይያያዝም። ፕሮግራሙ ገጾችንና ጠርዞችን የሚጠራቸው በቁጥር ነው። ገጽ 6 ብለው የያዙት፣ ከበላዩ አንድ ማዕዘን ሲከበብ ወይም አንድ ቀዳዳ ሲጨመር ገጽ 9 ሊሆን ይችላል፤ የእርስዎ ስኬች ደግሞ 6 የሚባለውን አዲስ ገጽ ተከትሎ ይሄዳል። በኅዳር 2024 የወጣው ፍሪካድ 1.0 ይህን የቆየ ችግር በእጅጉ አቅልሎታል፣ ስለዚህ በአሮጌ ሥሪት እየሠሩ ከሆነ ያሻሽሉ። ቢሆንም የያዙት ገጽ ጨርሶ ከጠፋ የትኛውም የስያሜ ብልሃት አያድንዎትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቦርዱም ሣጥኑም ክዳኑም የሚታዘዙለት አንድ የአጽም ስኬች ይሥሩ። እሱ ራሱ ከመነሻ ነጥቡና ከመለኪያ ሠንጠረዡ በቀር በምንም ላይ አይደገፍ። የራስፕቤሪ ፓይ ሞዴል ቢ ቦርድ 85 በ56 ሚሊሜትር ነው፤ አራቱ የመያዣ ቀዳዳዎች 58 በ49 በሆነ አራት ማዕዘን ላይ ያርፋሉ፣ ከቅርብ ጠርዞቻቸውም 3.5 ሚሊሜትር ይርቃሉ። ስኬቹን ከቦርዱ ጥግ አይጀምሩ፤ መነሻ ነጥቡን ከአንዱ የመያዣ ቀዳዳ መሐል ላይ ያድርጉት። ቦርዱን ሣጥኑ ውስጥ የሚይዘው ብሎን ነው፤ የቦርዱ ጠርዝ ሲቆረጥ በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል። ከዚያ የእያንዳንዱን ሶኬት የመሐል መስመር ይጨምሩ። ቁጥሮቹን በቫርሴት (የቁጥሮች መያዣ) ወይም በስም በሰየሟቸው የሠንጠረዥ ሕዋሶች ያስቀምጡና ስኬቹ በቀመር ይጥራቸው። በኋላ ማስተካከል ካስፈለገ ያለውን መስመር ያንቀሳቅሱ እንጂ ሰርዘው አይሣሉ፤ የተሰረዘ መስመር ከእሱ የሚጠጣውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ቀዳዳዎቹ ሁሉ በአንድ ግድግዳ ላይ ቢሆኑ ይህ ብቻ ይበቃ ነበር። ራስፕቤሪ ፓይ ግን በሦስት ጎን ሶኬት ስላለው እኔ ብሆን ሌላ እርምጃ እጨምራለሁ፦ ቀዳዳውን የግድግዳው ሳይሆን የቦርዱ ንብረት ማድረግ። በአጽሙ ላይ ተመሥርቶ ከየሶኬቱ ወደ ውጭ የሚወጣ ጠጣር ቆራጭ ቅርጽ ይሥሩ፤ ሁሉም በአንድ ቦዲ ውስጥ ይሁኑ። ያን ቦዲ በሳብሼፕ ባይንደር ወደ ሣጥኑ አምጥተው በቡሊያን፣ ማለትም ቅርጽን ከቅርጽ በሚቀንሰው ሥራ፣ ይቀንሱት። ስኬች በግድግዳው ገጽ ላይ ስለማያስቀምጡ የሚዘልል ነገር አይኖርም። ቆራጩ ከግድግዳው አልፎ ጥቂት ሚሊሜትር ይውጣ፤ በትክክል ገጹ ላይ እንዲያልቅ ካደረጉት ሁለት የተደራረቡ ገጾች ይፈጠሩና ቡሊያኑ ሊከሽፍ ወይም ስስ ሽፋን ሊያስቀር ይችላል። ደግሞም ግድግዳውን ከ2 ወደ 3 ሚሊሜትር ቢያወፍሩ ቆራጩ አሁንም ያልፈዋል።

ማፈናፈኛን፣ ማለትም ነገሩ እንዲገባ ዙሪያውን የሚተወውን ክፍተት፣ በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሠራው ነገር አለ፦ የቦርዱን ቅርጽ በ1.02 አባዝቶ መቀነስ። እባክዎ አያድርጉት። ይህ በ85 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ 1.7 ሚሊሜትር ይጨምራል፣ በ3 ሚሊሜትር ሶኬት ላይ ግን 0.06 ብቻ፤ ከዚያም በላይ ሶኬቶቹን ሁሉ ከመሐል ያርቃቸዋል። ማፈናፈኛ የሚደመር ቁጥር ነው። አንድ ስም ይስጡት፣ ለምሳሌ በየጎኑ 0.3፣ ሁሉም ቆራጭ ከዚያ ይውሰድ። ደግሞ መጠኑን ከሶኬቱ ብቻ አይውሰዱ፤ የሚገባው የገመድ ጫፍ ይበልጣል። የዩኤስቢ ሲ ገመድ የፕላስቲክ እጀታ በደረጃው መሠረት እስከ 12.35 በ6.5 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ግድግዳዎ ወፍራም ከሆነ ቀዳዳው እጀታውን ካላሳለፈ ገመዱ እስከ መጨረሻ አይገባም።

የቦርዱን ስቴፕ ፋይል (በንድፍ ፕሮግራሞች መካከል የሚተላለፍ የቅርጽ ፋይል) ከድረ ገጽ አውርደው ገጾቹን ይዘው ከሆነ ያንን ይፍቱት። ፋይሉን በአዲስ ሥሪት በተኩ ቁጥር ገጾቹ ሁሉ አዲስ ናቸው። ስቴፑ በአጽሙ ላይ ይቀመጥና ቀዳዳዎቹ መግጠማቸውን ለማየት ያገልግል፤ ለሌላ ነገር ማሰሪያ አይሁን። በአሴምብሊ (ክፍሎችን የሚያጋጥመው የፕሮግራሙ ክፍል) መጋጠሚያም ቦርዱን አስቀምጠው ከዚያ ቦታ ቀዳዳ አይቁረጡ። ቦርዱ ከሣጥኑ ጋር ይጋጠማል፣ የሣጥኑ ቀዳዳ ደግሞ ቦርዱን ይጠብቃል፤ ፕሮግራሙም ክብ ጥገኝነት አለ ብሎ ይቆማል።

ያለውን ፋይል አይጣሉት። አጽሙን ሠርተው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ያዛውሩ፤ አንዱን ባዛወሩ ቁጥር ግድግዳውን ወደ 5 ሚሊሜትር፣ ቦርዱን 10 ሚሊሜትር ወደ ጎን ለውጠው ይመልሱ። የሚበጠስ ካለ ያን ጊዜ ይበጠስ። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን ግን ከቦርዱ ጋር አያስሩ፤ እነሱ የግድግዳው ናቸው፣ በግድግዳው መሐል መስመር ቢታሰሩ ይበቃቸዋል።