አንባብያን ይጠይቃሉ፦ በሚነዝረው ማሽን ላይ መቆም ምን ይጠቅማል?

ስለ ቫይብሬሽን ማሽን፣ ማለትም ሰው ቆሞበት መላ ሰውነቱን ስለሚነዝረው መድረክ፣ የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብስበናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን የስፖርትና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች እንዲመልሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የቫይብሬሽን ማሽን ገዝቶ ቤት አምጥቷል። ሻጩ «10 ደቂቃ መቆም 1 ሰዓት ስፖርት የመሥራት ያህል ነው» ብሎታል። እኔ የምፈልገው ሆዴን መቀነስ ነው። ተስፋ ላድርግ?

መልስ፦ ለሆድ ብለው ከሆነ አያድርጉ። በማሽኑ ላይ ሆነው ቁጢጥ ብድግ የሚሉ ሰዎች የሚተነፍሱት ኦክስጅን ሲለካ፣ የሚያወጡት ጉልበት በመጠነኛ ፍጥነት ከሚደረግ የእግር ጉዞ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል። በእግር ግን 1 ሰዓት መሄድ ይቻላል፤ ማሽኑ ላይ የሚቆዩት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው፣ ከዚያም ላይ መሀል መሀሉን ያርፋሉ። ቀጥ ብለው ቆመው ብቻ ከሆነ ደግሞ የሚቃጠለው ከዚህም ያንሳል። ስብ በንዝረት አይቀልጥም፣ ከሆድም ተለይቶ አይወርድም።

ማሽኑ የሚጠቅመው ለጡንቻ ነው። በጡንቻ ውስጥ መለጠጥን የሚያውቁ ጥቃቅን የስሜት አካላት አሉ። መድረኩ ድንገት ከፍ ሲል የባትና የጭን ጡንቻ ይለጠጣል፤ መልእክቱ ወደ ህብለሰረሰር ይሄድና አንጎልን ሳይጠብቅ «ተኮማተር» የሚል ትእዛዝ ይመለሳል። መድረኩ በሰከንድ 30 ጊዜ ከነዘረ ጡንቻውም በዚያው መጠን በተደጋጋሚ ይነካካል። እ.ኤ.አ. በ2003 በቤልጅየም፣ ሌቨን ከተማ፣ ስፖርት የማይሠሩ ወጣት ሴቶች ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ጊዜ፣ ከ35 እስከ 40 ሄርዝ (በሰከንድ ከ35 እስከ 40 ጊዜ ማለት ነው) በሚነዝር መድረክ ላይ ቁጢጥ ብድግ እያሉ ሠሩ። ጉልበትን የሚዘረጋው ጡንቻቸው ጥንካሬ በአማካይ ወደ 17 በመቶ ጨመረ። በክብደት ማሽን የሠሩት ደግሞ ወደ 14 በመቶ ጨመሩ። ንዝረቱ ለይስሙላ በሆነ መድረክ ላይ ያንኑ እንቅስቃሴ የሠሩት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ልብ ይበሉ፦ ሴቶቹ ጀማሪዎች ነበሩ፣ ደግሞም እየሠሩ ነበር እንጂ ዝም ብለው አልቆሙም። ከብዙ ዓመት ጀምሮ ከባድ ብረት ለሚያነሣ ሰው ማሽኑ የሚጨምርለት ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ የምሠራበት ጂም ያለው ማሽን ላይ ከ1 እስከ 50 ቁጥር አለ። ስቆምበት ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፣ ዓይኔ ብዥ ይላል። ዝቅ ሳደርገው ይሻላል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ለምን?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀው ረዘም አድርገን እንመልሰው።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ሄርዝ ነው ወይስ የፍጥነት ደረጃ ብቻ? ሄርዝ ማለት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር ነው። በብዙ ርካሽ ማሽኖች ላይ «50» ወይም «99» የሚለው የፋብሪካው የራሱ ደረጃ ሲሆን፣ እውነተኛው ድግግሞሽ 15 ሄርዝ እንኳ ላይሞላ ይችላል። መመሪያው ላይ በሄርዝ ካልተጻፈ ቁጥሩን አይመኑት።

ሲያወርዱት የባሰብዎት፣ እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል አብሮ የሚወዛወዝበት የራሱ ድግግሞሽ ስላለው ነው። የግንድ አካላችንና የሆድ ዕቃችን በ5 ሄርዝ አካባቢ፣ ጭንቅላት ደግሞ በ20 አካባቢ ይወዛወዛሉ። መድረኩ እዚያ ላይ ሲደርስ ሰውነት ንዝረቱን ከማብረድ ይልቅ ያጎላዋል። ለዚህ ነው ሁለቱ እግሮች እኩል በሚነሡበት መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ከ25 ወይም ከ30 ሄርዝ የሚጀመረው። ሌላ ዓይነት ማሽንም አለ፦ መሀሉ ላይ ተደግፎ አንድ እግር ሲነሣ ሌላው የሚወርድበት። በዚህኛው ዳሌ ግራና ቀኝ ስለሚያዘነብል ወደ ጭንቅላት የሚደርሰው ያንሳል፤ ስለዚህ ከ12 ሄርዝ እንኳ መጀመር ይቻላል፣ ጣሪያውም ብዙውን ጊዜ 30 ነው። በእሱ ላይ እግርዎን ሲያራርቁ ንዝረቱ ይሰፋል፣ ሲያቀራርቡ ይጠባል። ጀማሪ ወደ መሀል ይቁም።

ሁለተኛው ነገር መድረኩ ከታች እስከ ላይ የሚሄድበት ርቀት ነው። እሱን በቤትዎ መለካት ይችላሉ። ነጭ ፕላስተር ከመድረኩ ጠርዝ ላይ ይለጥፉ፣ በቀጭን እስክሪብቶ አንድ ነጥብ ያድርጉበት። ሰው ይቁምበትና ማሽኑ ይነሣ፤ ነጥቡ ወደ ቁም መስመር ተለጥጦ ይታያል። የመስመሩን ርዝመት በማስመሪያ ሲያዩ፣ የነጥቡ ስፋት ተቀንሶ፣ ርቀቱን በሚሊ ሜትር ያገኛሉ። ሰው ሳይቆም መለካት ያሳስታል፤ ደካማ ሞተር ከባድ ሰው ሲወጣበት ንዝረቱ ይሞታል። በሚያዘነብለው ማሽን ላይ ነጥቡን እግርዎ ከሚያርፍበት ትይዩ ያድርጉት።

ከዚያ ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ሄርዙን በራሱ ያባዙ፣ በሚሊ ሜትሩ ያባዙ፣ ለ500 ያካፍሉ። ውጤቱ ንዝረቱ የመሬት ስበትን ስንት እጥፍ እንደሚሆን በግምት ይነግርዎታል። 30 ሄርዝ በ2 ሚሊ ሜትር 3.6 ይመጣል። 15 ሄርዝ በዚያው 2 ሚሊ ሜትር 0.9 ብቻ ነው። ድግግሞሹ በእጥፍ ሲያድግ ጫናው 4 እጥፍ ይሆናል፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲያድግ ግን ጫናው እጥፍ ብቻ ነው የሚሆነው። ውጤቱ ከ1 ሲያልፍ እግር ከመድረኩ ለቅጽበት መልቀቅ ይጀምራል፣ ሲመለስም ይመታል። ስለዚህ ጀማሪ ርቀቱን በትንሹ ይያዝ።

ሦስተኛውና ትልቁ ነገር አቋቋምዎ ነው። ጥርስ የሚንቀጫቀጭበት ሰው፣ አሥር ጊዜ ቢሆን አሥሩንም ማለት ይቻላል፣ ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ ቆልፏል። የተቆለፈ ጉልበት ንዝረቱን እንዳለ ወደ አከርካሪና ወደ ራስ ቅል ያሳልፋል። ጉልበትዎን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ እጠፍ ያድርጉ፤ ቁልቁል ሲያዩ ጉልበትዎ የእግርዎን ጣቶች ሊሸፍን ሲቃረብ ማለት ነው። ክብደትዎን ከተረከዝ ወደ ፊተኛው የውስጥ እግር ያምጡ፤ ተረከዝዎ መድረኩን ይንካ እንጂ አይጫነው። ጥርስዎን አይንከሱ። መያዣውን በጣትዎ ነካ ብቻ ያድርጉት፤ አጥብቀው ከያዙት ንዝረቱ በክንድዎ ዞሮ ይመጣል፣ ከተደገፉበት ደግሞ እግርዎ ሥራውን ይተዋል። ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ዓይንዎ ብዥ ካለ ማሽኑን ይተዉት።

ጥያቄ፦ 61 ዓመቴ ነው። አጥንቴ ሳስቷል ተብያለሁ። ማሽኑ አጥንት ያጠነክራል ይባላል፤ መድኃኒቱን ትቼ እሱን ልያዝ?

መልስ፦ አይሆንም፣ እናታችን፤ መድኃኒትዎን አይተዉ።

አጥንት ጫና ሲያገኝ እንደሚጠነክር የታወቀ ነው፤ ተስፋው የመጣው ከዚያ ነው። በሰው ላይ ሲሞከር ግን ውጤቱ የተለያየ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 የሌቨን ተመራማሪዎች ያረጡ ሴቶችን ለ6 ወር ከ35 እስከ 40 ሄርዝ በሚነዝር መድረክ ላይ አሠርተው፣ የዳሌ አጥንት ጥግግት በትንሹ፣ ወደ 1 በመቶ ገደማ፣ መጨመሩን አዩ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የካናዳ ጥናት ደግሞ 202 ያረጡ ሴቶችን ለ12 ወር ተከታተለ። የሚነዘሩት በየቀኑ 20 ደቂቃ በጣም ለስላሳ፣ የመሬት ስበት 0.3 ያህል በሆነ ንዝረት ላይ እንዲቆሙ ተደረገ፤ መጨረሻ ላይ ማሽኑን ካልተጠቀሙት አልተለዩም። ስለዚህ «ቆመው ብቻ አጥንት ይገነባሉ» ለሚለው ማስታወቂያ ገንዘብዎን አይክፈሉ።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ሌላው ጎኑ ነው። የሳሳ አጥንት በአብዛኛው የሚሰበረው ሲወድቁ ነው፤ የጭንና የባት ጡንቻ ሲጠነክር፣ ሚዛን ሲሻሻል መውደቅ ይቀንሳል። ከባድ ብረት ማንሣት ለማይችል ሰው ማሽኑ እዚህ ላይ ቦታ አለው። ነገር ግን ከመጀመርዎ በፊት የአከርካሪ አጥንትዎ ተሰብሮ ወይም ተጨፍልቆ እንደሆነ ይታይ፤ አንዳንዴ ሳያሳምም ይሰበራልና። ያ ካለ ሐኪምዎ ሳይፈቅድ አይውጡበት።

ጥያቄ፦ ከማሽኑ ስወርድ እግሬ ቀልቶ በጣም ያሳክከኛል። አለርጂ ነው?

መልስ፦ በአብዛኛው አይደለም። ንዝረቱ የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ደም ወደ ቆዳ ይጎርፋል፤ ማሳከኩ ከዚያ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል፣ ከጥቂት ልምምድ በኋላም ይቀንሳል። ከቀጠለ፣ ካበጠ ወይም እንደ ሽፍታ ካበቀለ ግን ያቁሙና ይታዩ።

ጥያቄ፦ ጤነኛ ነኝ፣ ጀማሪ ነኝ። ምን ያህል፣ እንዴት ልሥራ?

መልስ፦ በሳምንት 2 ቀን ይጀምሩ፣ በመሀላቸው ቢያንስ 1 ቀን ይረፉ። ከመውጣትዎ በፊት ሽንት ቤት ይሂዱ (ያልሄደ ሰው ምክንያቱን በራሱ ይደርስበታል)። ሶሉ ቀጭን የሆነ ጫማ ያድርጉ፤ ወፍራም ስፖንጅ ሶል ንዝረቱን ይውጠዋል፣ ካልሲ ብቻ ደግሞ ያንሸራትታል። ማሽኑ ጠንካራና ደልዳላ ወለል ላይ ይሁን፤ አራቱም እግሮቹ መሬት ካልነኩ ይንቋቋል፣ ብሎኖቹም ይላላሉ።

የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት፦ እኩል በሚነሣው መድረክ 30 ሄርዝ በትንሹ ርቀት፣ በሚያዘነብለው ከ12 እስከ 15 ሄርዝ እግርን አቀራርቦ። 30 ሰከንድ መሥራት፣ 60 ሰከንድ ወርዶ ማረፍ፤ ይህን 6 ጊዜ። ሁለቱን ዙር ጉልበት አጥፎ ባሉበት መቆየት፣ ሁለቱን በ3 ሰከንድ ወርዶ በ3 ሰከንድ እየወጡ ቁጢጥ ብድግ ማለት፣ ሁለቱን ጉልበት ሳይቆልፉ ተረከዝን አንሥቶ መቆየት። በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት 45 ሰከንድ 8 ጊዜ፤ ከዚያ በኋላ 60 ሰከንድ 10 ጊዜ። ከ10 ዙር በላይ መጨመር ድካም እንጂ ጥቅም አይጨምርም። ከዚያ ወዲያ ማሳደግ ያለብዎት ሄርዙን በ2 ወይም በ3፣ ወይም በእጅ የሚያዘውን ክብደት ነው፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት አይጨምሩ። እኩል በሚነሣው ላይ 40 ሄርዝ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ትንፋሽ በመያዝ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ማሽኑ እየነዘረ ዘለው ይወርዳሉ፤ ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው ያኔ ነው። ያጥፉት፣ ይቁም፣ ከዚያ ይውረዱ። ከወረዱ በኋላ እግር ለጥቂት ጊዜ ሊደነዝዝ ስለሚችል ደረጃ ላይ አይቸኩሉ።

ጥያቄ፦ ከ2 ዓመት በፊት የኩላሊት ጠጠር ነበረብኝ። ማሽኑ ይከለከላል?

መልስ፦ አሁን ጠጠር መኖር አለመኖሩን በአልትራሳውንድ ይታዩ። ካለ አይውጡ፤ ንዝረት ጠጠሩን ከቦታው ሊያንቀሳቅሰው ይችላል፣ መውጫውን ከዘጋ ደግሞ ሕመሙን ያውቁታል። የሐሞት ጠጠር ያለበትም እንዲሁ። እርጉዝ ሴት፣ በእግሩ ደም የረጋበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ወይም ስብራት የደረሰበት፣ የሬቲና መላቀቅ ያጋጠመው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ፔስሜከር (የልብ ምት አስተካካይ መሣሪያ) የተገጠመለት፣ ዲስኩ ተንሸራቶ እግሩን የሚያደነዝዘው፣ በስኳር ሕመም ምክንያት እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው። ሰው ሠራሽ የዳሌ ወይም የጉልበት መጋጠሚያ ካለም የገጠመው ሐኪም ይጠየቅ።

ጥያቄ፦ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስነዘር እውላለሁ፤ ያተረፍኩት የወገብ ሕመም ነው። ንዝረት ጤና ከሆነ እኔን ለምን ጎዳኝ?

መልስ፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ወንድማችን። የመኪና ንዝረት ዝቅተኛ ነው፣ አከርካሪ አብሮ የሚወዛወዝበት 5 ሄርዝ አካባቢ የሚገኝበት ክልል። ደግሞ ተቀምጠው ነዎት፦ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚያበርዱት ነገር የለም፣ ከወንበሩ በቀጥታ ወደ ወገብ ይገባል። ከሁሉ በላይ ለሰዓታት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ ለሠራተኛ መላ ሰውነት ንዝረት በ8 ሰዓት ተሰልቶ ከ1.15 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር (የንዝረት ጫና መለኪያ ነው) እንዳያልፍ ወስኗል፤ በ0.5 ላይ ደግሞ አሠሪው እርምጃ መውሰድ ይጀምራል። የስፖርት ማሽን ቅጽበታዊ ጫና ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የሚፈቀደውም አጭር ስለሆነ፣ በመሀሉ ዕረፍት ስላለና የታጠፈ ጉልበት ስለሚያበርደው ብቻ ነው።

ስለዚህ በማሽኑ ላይ በጭራሽ አይቀመጡ፣ ምንም እንኳ ፖስተሩ ላይ ተቀምጦ የሚያሳይ ሥዕል ቢኖር። መንገድ ላይ በዋሉበት ቀንም አይውጡበት። ወገብዎን በፊዚዮቴራፒስት ካሳዩና ከተፈቀደልዎት፣ ሥራ በሌለዎት ቀን በሚያዘነብለው ዓይነት ላይ ከላይ እንደ ጀማሪ ከጻፍነው ይነሡ። ከዚያ በፊት ግን የመኪናዎን ወንበር ይመልከቱ፦ የአየር ወይም የስፕሪንግ ድጋፉ በክብደትዎ ልክ ካልተስተካከለ፣ ሲቀመጡ እስከ ታች ይወርድና በየጉድጓዱ ይመታል።