የጠፋችውን ብረት በርካሽ ማሠራት፦ ስለ አሮጌ የእጅ መሣሪያዎች ጥያቄና መልስ

አሮጌ መላጊያ ወይም መሰርሰሪያ በእጃችሁ ኖሮ፣ አንዲት ቁራጭ ብረት ስለተሰበረች ብቻ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጣችሁት ብዙ ናችሁ። ጥያቄዎቻችሁን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። እንጀራዬ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ስለሆነ ለቶርኖ አደላለሁ ብላችሁ ብትጠረጥሩ አልቀየምም። ከመልሶቼ የሚበዙት ግን ገንዘባችሁን ቶርኖ ቤት እንዳትወስዱ የሚመክሩ ናቸው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ጋሼ፣ ከአባቴ የወረስኩት፣ ስታንሊ የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የሠራው ቁጥር 4 መላጊያ አለኝ። ምላጩን ተጭኖ የሚይዘው ክዳን ለሁለት ተሰበረ። ብየዳ ቤት ወስጄ ተበየደ፤ ሳምንት ሳይሞላ ከብየዳው ጎን እንደገና ተሰነጠቀ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በያጁ ላይ አትፍረድ፤ ጠባዩ የብረቱ ነው። ክዳኑ ካስት አይረን (ቀልጦ ሻጋታ ውስጥ የፈሰሰ ብረት) ነው፤ ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ ካርቦን አለው። በተለመደው ኤሌክትሮድ ሲበየድ ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል። ካስት አይረን መጠገን ካለበት በጋዝ እሳት ቀስ ብሎ ሞቆ፣ በነሐስ ዘንግ ተያይዞ፣ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት።

ለአንተ ግን ከዚህ የረከሰ መንገድ አለ። ቁጥር 4 እና ቁጥር 5 የሁለቱም ምላጭ ስፋት 2 ኢንች ስለሆነ የአንዱ ክዳን ለሌላው ይሆናል። አካሉ የተሰነጠቀ፣ ማንም የማይፈልገው ቁጥር 5 ፈልገህ ግዛና ክዳኑን፣ ቪቴዎቹን (ብሎኖቹን)፣ እጀታውን ውሰድ። ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ብረት መሐል ታገኘው ይሆናል። እንዲህ ያለውን የሞተ መላጊያ አትናቁት፤ ከውስጡ የሚወጡትን ቁራጮች አንድ በአንድ ላሠራ ብትል የመላጊያውን ዋጋ ብዙ እጥፍ ትከፍላለህ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የእኔ ችግር ቪቴ ነው። የስታንሊ መላጊያዬ የእጀታ ማሰሪያ ጠፍቶ ኤም 6 (ባለ 6 ሚሊሜትር ቪቴ) ገዛሁ፤ ጫፉ ይነክስና አልገባ ይላል። ትንሽ ገፋ አድርጌ ላስገባው?

መልስ፦ እባክህ አትግፋው! አንዴ የአካሉን ጥርስ ከበላህ የአሥር ደቂቃ ሥራ የነበረው የአንድ ቀን ሥራ ይሆናል።

ስታንሊ ሃርድዌር ቤት የማይሸጥ የራሱ ጥርስ ነበረው። የእጀታው ማሰሪያ 12-20 ይባላል፦ ውፍረቱ 5.5 ሚሊሜትር ገደማ፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ፤ ማለትም ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.27 ሚሊሜትር። የኤም 6 ግን 1 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ሁለት ዙር ሳይሞላ ይጣላሉ። ክዳኑን የሚይዘው ቪቴ ደግሞ 7.14 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፣ በኢንች 24 ጥርስ። ጥልቀት የምታስተካክለው የነሐስ መሽከርከሪያ ውፍረቷም ጥርሷም ከዚሁ ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን ግራ ዞር ናት፤ ማለትም የምትጠብቀው ወደ ግራ ስትዞር ነው። ይህችን ሳይነግሩት ቶርኖ ሠሪውን የሚያስለፉ ደንበኞች ሞልተዋል። መሣሪያው የእንግሊዝ ሥራ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፤ ዊትዎርዝ የሚባለው የእንግሊዞች ጥርስ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ እንጂ እንደ ሌሎቹ 60 አይደለም።

ቶርኖ ቤት ስትሄድ ስዕል ብቻ ይዘህ አትሂድ። መላጊያውን ራሱን ውሰድ፤ ሠሪው ማሽኑ ላይ እያለ እየሞከረ ይጨርሰዋል። የኢንች ጥርስ የሚያወጣ ቶርኖ መሆኑን አስቀድመህ ጠይቅ። ደግሞ አንድ አታሠራ። የምትከፍለው ለብረቱ ሳይሆን ማርሽ ለመቀየርና ስለት ለማስተካከል ለሚጠፋው ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ለአንድም ለአምስትም ቪቴ ያው ነው። እንደ አንተ የቸገራቸውን ፈልግና ሒሳቡን ተካፈሉ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ወንድሜ፣ የመላጊያዬን የጥልቀት መሽከርከሪያ ከምላጩ ጋር የሚያገናኘው ሹካ መሰል ብረት አንድ ጣቱ ተሰብሯል። ይህን በእጅ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ሥራም አላውቅም። ሞርሳ፣ የብረት መጋዝ፣ ጠፍጣፋና ክብ ሞረድ፣ አንድ መሰርሰሪያ ይበቃሉ።

ፒኑን በቀጭን ብረት መትተህ አስወጣ። የተሰበረውን ሹካ ወረቀት ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን ሳል፤ የጎደለውን ጣት ካልተሰበረው ገልብጠህ ሙላው። ወረቀቱን ውፍረቱ ተመሳሳይ በሆነ ተራ የብረት ቁራጭ ላይ ለጥፍ። መጀመሪያ የፒኑን ቀዳዳ ብሳ፤ ከዚያ ሌላው ልክ ሁሉ ከቀዳዳው ይለካል። ቅርጹን ከቆረጥህ በኋላ ቀዳዳውን ብታንቀሳቅሰው ሹካው ይጣመምብሃል። በመጋዝ ወፍራም አድርገህ አውጣና የቀረውን በሞረድ አውርድ። የጣቶቹ ጫፍ ክብ ሆነው በመሽከርከሪያዋ ቦይ ውስጥ ሳይጨናነቁ መዞር አለባቸው። ትንሽ ልቅ ቢሆን አይጎዳም፤ አዲስ ሲመጣም ልቅ ነበር።

ዋናው ካስት አይረን ስለነበረ ነው የተሰበረው። ያንተ ከተራ ብረት ስለሚሆን ይጎብጥ እንደሆነ እንጂ አይሰበርም። በኋላ ዘመን ስታንሊ ራሱ ሹካውን ከሁለት የታተሙ ላሜራዎች ይሠራው ጀምሯል፤ ስለዚህ ሁለት ስስ ላሜራ ገጥመህ ብትሠራውም ማንም አይወቅስህም።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ጓደኛዬ የመላጊያውን ደህና ክዳን ለናሙና ሊያውሰኝ ፈቅዷል። አሸዋ ውስጥ አትሜ በነሐስ ባስፈስስ ልኩን ይሰጠኛል?

መልስ፦ ቅርጹን ይሰጥሃል፤ ልኩን ግን አይሰጥህም። ነሐስ ሲቀዘቅዝ ወደ 1.5 በመቶ ይሰበሰባል። የናሙናው ርዝመት 60 ሚሊሜትር ከሆነ ያንተ በ0.9 ሚሊሜትር ያጥራል። ለክዳን ይህ አያሳስብም። ሌላ ብረት ውስጥ በልክ ለሚገባ ቁራጭ ግን መዘዝ አለው። በዚያን ጊዜ ናሙናው ላይ ሰም ወይም ቴፕ እየደረብህ አወፍረው፤ የሚሞረዱትን ፊቶች ደግሞ ተጨማሪ 1 ሚሊሜትር ስጣቸው። ቀዳዳዎቹን በሰም ድፈናቸው፤ ከፈሰሰ በኋላ በመሰርሰሪያ ይበሳሉ። ቀጥ ብሎ የቆመ ጎን ከአሸዋው ሲወጣ ግድግዳውን ያፈርሳልና እሱንም በሰም ትንሽ አዘንብለው።

ቅርጹ ውስብስብ ከሆነ በአገራችን የነሐስ መስቀል የሚሠሩት ባለሙያዎች ዘንድ ሂድ። ሰሙን ቀርጸው በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን አቅልጠው አውጥተው ብረቱን ያፈስሱበታል። ለአንድ ነጠላ ቁራጭ ከዚህ የሚሻል ዘዴ ብዙም የለም። በቀላሉ የምታገኘው አሸዋ ላይ የአሉሚኒየም ድስት የሚያፈስሱትን ከሆነ አሉሚኒየሙን ከአሮጌ ፒስተን ያድርጉልህ፤ ፒስተን ሲሊኮን ስላለው ቀጭን ቦታ ድረስ ይፈስሳል።

ራስህ ልታቀልጥ ካሰብህ ሁለት ነገር አትርሳ። በቢጫ ነሐስ ውስጥ ያለው ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ነጭ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል፤ ስለዚህ ሥራው በረንዳ ላይ እንጂ ቤት ውስጥ አይሆንም። ሌላው ውኃ ነው። ውኃ የበዛበት አሸዋ ወይም እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የቀለጠ ብረት ከነካ ይፈነዳል።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ እዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ባለ ሦስት አቅጣጫ ማተሚያ (3ዲ ፕሪንተር) አለ። በብረት ማሳተም ያዋጣል?

መልስ፦ በብረት ሳይሆን ለማፍሰሻ የሚሆን ናሙና በፕላስቲክ አትሚ። ኮምፒውተሩ ላይ መጠኑን 101.5 በመቶ አድርገሽ ፒኤልኤ በሚባለው ፕላስቲክ ካሳተምሽ ናሙናሽ መሰብሰቡን አስቀድሞ ያካተተ ይሆናል። አሸዋ ላይ ለማተም ገጹን በአሸዋ ወረቀት አለስልሺው፤ አለዚያ የማተሚያው ንብብር ሁሉ ነሐሱ ላይ ይወጣል። ፕላስቲኩን በጄሶ ሻጋታ ውስጥ አቃጥሎ በቦታው ነሐስ ማፍሰስም ይቻላል። ብዙ ሳትደክሚ ግን አስቀድመሽ የተበተኑ መላጊያዎች የሚሸጡ አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎችን ጠይቂ። አሜሪካ ለስታንሊ አገሩ ነው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ የስታንሊ 45 ጎድጓድ ማውጫ ምላጮች ጠፍተውብኛል። ከመኪና ባሌስትራ ልቀጥቅጥ?

መልስ፦ ባሌስትራ ለመጥረቢያና ለመሮ ደህና ነው፤ ለቀጭን የመላጊያ ስለት ግን ካርቦኑ ያንሰዋል። አሮጌ ሞረድ ይሻላል። መጀመሪያ አግለህ አመድ ውስጥ ቅበረውና ይለስልስ፤ ከዚያ ቆርጠህ ሙሉ ቅርጹን አስይዘው። በኋላ ማግኔት መያዙን እስኪተው፣ ከዚያም ጥቂት ጨምረህ አግለውና ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ ክተተው። ይህን አስቀድመህ በአንድ ቁራጭ ሞክር፤ ርካሽ ሞረድ ገጹ ብቻ የጠነከረ ሊሆን ይችላል። ደህና ከሆነ ምላጩን በ200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ተወው፤ ይህን ካላደረግህ ሲወድቅ ይሰበራል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የአያቴ ሲንገር በእጅ የምትዞር ስፌት ማሽን የክር ማጠንጠኛ ቤት ጎድሏታል። ላሠራው?

መልስ፦ ሲንገር 15 ከሆነች በፍጹም። ቅጂዋ በብዙ አገር ስለተሠራ መለዋወጫው ዛሬም በርካሽ ይሸጣል። አሮጌዋ ባለ ረጅም መወርወሪያ (የታችኛውን ክር የሚያመላልስ ረጅም ብረት ያላት) ብትሆንም ለእሷ እንኳ አዲስ የተሠራ ይገኛል።

ጥያቄ (ስም ሳይጠቀስ)፦ የተሠራው ቁራጭ አሮጌ እንዲመስል የሚያደርግ ነገር አለ? ልሸጠው ነው።

መልስ፦ አለ፤ ላንተ ግን አልነግርህም። ለራስህ የምትገለገልበት ከሆነ በጥቁር ሻይና በኮምጣጤ ይጠቁራል፤ ይህ በየቤቱ የሚታወቅ ነው። ለመሸጥ ከሆነ ግን ቁራጩ ውስጥ፣ ሲገጠም በማይታይበት ቦታ፣ የተሠራበትን ዓመት በቁጥር ማተሚያ ምታበትና ለገዢው አሳየው። የፋብሪካውን ስምማ ከሻጋታው ላይ አስቀድመህ ፋቀው።