ኮዱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ጨርቁ አጠገብ ተቀመጡ

ልጆቼ፣ የባቲክን፣ በሰም ተሥሎ ቀለም የሚነከረውን የኢንዶኔዥያ ጨርቅ፣ ጥለቶች የሚያስተምር የሞባይል መተግበሪያ ልትሠሩ እንደሆነ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ብዙ ዓመት በሶፍትዌር ሥራ የቆየ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ሄዳችሁ አንዲት የባቲክ ባለሙያ አጠገብ ቁጭ በሉ።

እኛ ይህን አላደረግንም። ፎቶ እያሳየ ስም የሚያስመርጥ ጨዋታ ሠራን፤ ካዉንግ፣ ፓራንግ፣ ትሩንቱም። «ለሠርግ የሚሆነው የቱ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከፓራንግ ዓይነቶች አንዱን፣ ፓራንግ ሩሳክን፣ ትክክለኛ መልስ አደረግነው። ስላማረን ብቻ! እዚያው ጃቫ፣ ዮግያካርታ ከተማ ላይ ለአንዲት የባቲክ ባለሙያ እናት ስናሳያቸው ስልኩን ቀስ ብለው መለሱልን። በነሱ ባህል ፓራንግ ሩሳክ ለሠርግ አይለበስም። ድሮ ደግሞ የቤተ መንግሥት ጥለት ስለነበር ተራ ሰው እንዳይለብሰው ተከልክሎ ነበር። የሙሽሮቹ ወላጆች የሚለብሱት ትሩንቱምን ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኢንዶኔዥያን ባቲክ ሲመዘግብ ጨርቁን ብቻ አላየም፤ አሠራሩንና የጥለቶቹን ትርጉም ጭምር ነው የመዘገበው።

ከዚያ እኚያ እናት ሥራቸውን አሳዩን። መሣሪያቸው ቻንቲንግ ትባላለች። ቀጭን አፍ ያላት ትንሽ የመዳብ ዕቃ ናት፣ እጀታ አላት። የቀለጠ ሰም ይቀዱባትና አፏ እንዳይደፈን እፍ ይሏታል። ከዚያ መስመሩ ይጀመራል። ሰሙ ከመጠን በላይ ከሞቀ ጨርቁ ላይ ይፈስሳል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። መጀመሪያ ዋናው መስመር፣ ቀጥሎ ውስጡን የሚሞሉት ጥቃቅን ነጥቦች ይመጣሉ። ሰም የያዘውን ቦታ ቀለም አያገኘውም። መጨረሻ ላይ ጨርቁ በፈላ ውኃ ሲቀቀል ሰሙ ይለቅና ጥለቱ ብቅ ይላል። ሰምና ወርቅ ስንሰማ ላደግን ሰዎች ይህን ማየት ልብ ይነካል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ስክሪን ላይ ሊመጣ ይችላል። ጣት ሲዘገይ መስመሩ ይወፍር። ሰሙ እየቀዘቀዘ ይሂድ፤ ተማሪው ተመልሶ ይቅዳ። የሠሩትን የሚያጠፋ ቁልፍ ግን አታስገቡ። ጨርቅ ላይ የተንጠባጠበ ሰም በቀላሉ አይነሳም፤ ልጆቹ ይህን በጣታቸው ይወቁት። ጥለቱን ለስክሪኑ እንዲመች ብላችሁ እንዳትቆርጡት ወይም እንዳታዞሩት ደግሞ አደራ።

የባለሙያዎቹን እጅ ስትቀርጹ ፈቃድ ጠይቁ፣ ክፈሉም። ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ለእነሱ አሳዩ። ስልኩን ሲመልሱላችሁ ፊታቸውን እዩ።