ጎጃም ስትደውሉ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

ከውጭ አገር ሆናችሁ ቡሬ ወይም ደምበጫ ላለች እናታችሁ በዋትስአፕ ስትደውሉ እናንተ ላይ የሚመጣ ሒሳብ የለም። ዋይፋዩ ቤት ውስጥ አለ፤ ተወራም አልተወራም ወር በገባ ቁጥር ይከፈላል። እሷ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በጎጃም ገጠርና ትንንሽ ከተሞች ዋይፋይ የገባበት ቤት ጥቂት ነው። ስልኳ የሚሠራው በተሞላ ዳታ ነው። "ቪዲዮውን ክፈቺው፣ ፊትሽን ልየው" ባላችሁ ቁጥር ጥቅሏ ይበላል። አፍ አውጥታ ግን አትነግራችሁም። "ኔትወርኩ ነው" ትላለች። እናንተም ታምናላችሁ።

እኔ ሰው አገር ስመጣ መጀመሪያ የሠራሁት ሐበሻ ሱቅ ውስጥ ነው። ከበርበሬውና ከሽሮው በላይ የስልክ ካርድ ተደርድሮ ይሰቀል ነበር። ካርዱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ሌላ፣ ስትደውሉ የምታገኙት ሌላ። ቢሆንም ይሸጥ ነበር፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወረፋው አይጣል ነው። ያን ገበያ ከውስጥ ስላየሁት፣ ዛሬ "ነጻ" የሚባለው ጥሪ ነገሩን እንዴት እንደቀያየረው ልንገራችሁ። አገር ቤት ላሉት ምን ማድረግ እንዳለባችሁ የሚገባችሁ እሱን ስታውቁ ነው።

የድሮው ስሌት አጭር ነበር። የደወለ ይከፍላል። ከካርዱ ዋጋ ከፊሉ ለካርድ ኩባንያው፣ ከፊሉ ጥሪውን በየአገሩ ለሚያሻግሩት፣ የቀረው ደግሞ ጥሪውን ተቀብሎ እናታችሁ ጆሮ ድረስ ለሚያደርሰው ለቴሌ ይሄዳል። ይህ የመጨረሻው ድርሻ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ገንዘብ ነው። እናታችሁ አምስት ሳንቲም አታወጣም። ሚስኮል ታደርጋለች፤ እናንተ ትደውላላችሁ። አለቀ።

ይህን ስሌት የገለበጡት አፖቹ ናቸው። ስካይፕ በ2003 መጣ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ያዙልኝ)፤ ግን ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ይፈልግ ስለነበር ጎጃም ድረስ አልዘለቀም። ኢንተርኔት ቤት ሄዶ ወረፋ የሚጠብቅ ዘመድ ያለው ሰው ብቻ ነው የተጠቀመበት። ዋትስአፕ በ2009 ተመሠረተ፤ የድምፅ ጥሪ የጀመረው በ2015፣ ቪዲዮ በ2016 ነው። ቴሌግራም በ2013 መጥቶ በ2017 ድምፅ ጨመረ። ቫይበርና ኢሞም አሉ። ጥሪው ስልክ ላይ ሲወርድና ርካሽ ስማርት ስልክ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው የእኛ ሱቅ ግድግዳ ባዶውን ቀረ።

መንግሥታትና የስልክ ኩባንያዎች ይህን ዝም ብለው አላዩትም። በእኛ አገር በኢንተርኔት የድምፅ አገልግሎት መስጠት በ2002 በወጣ ሕግ የተከለከለ ነበር። በ2012 ደግሞ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 (ይቺ 2004 በእኛ አቆጣጠር ናት) ሲወጣ "ስካይፕ የደወለ ሊታሰር ነው" ተብሎ ስንቱ እንደተሸበረ አስታውሳለሁ። መንግሥት "ግለሰብ ቢደውል አይከሰስም" ብሎ ማብራሪያ ሰጠ። ሌላውም አገር ያው ነበር። ሞሮኮ በ2016 መጀመሪያ ላይ ኩባንያዎቹ የኢንተርኔት ጥሪን ቆለፉት፤ ሕዝቡም ውጭ ያለው ሞሮኳዊም ጮኸ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ተከፈተ። ኡጋንዳ ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ዋትስአፕና ፌስቡክ የሚከፍት ሁሉ በቀን 200 ሺልንግ ይክፈል አለች። ሰዉ እገዳ በሚያሳልፈው በቪፒኤን ሾለከ። በ2021 ያን ትታ ዳታው ላይ 12 በመቶ ጫነች። ቤኒን እዚያው 2018 ላይ ሞክራ በቀናት ውስጥ ተወችው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እስካሁን ጠበቅ አድርጋ ይዛዋለች፤ የዋትስአፕ መልእክት ይሄዳል፣ ጥሪው ግን አይሠራም። ዱባይ ያለችው እህታችሁ "ቦቲም አውርዱ" (እዚያ የተፈቀደ የጥሪ አፕ ነው) እያለች የምትነዘንዛችሁ ለዚህ ነው። አመል አይደለም።

አብዛኛው ኩባንያ ግን በመጨረሻ ብልሃቱን አገኘ። ደቂቃ መሸጥ ካልተቻለ ዳታ ይሸጣል። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2018 የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 በመቶ፣ የድምፁን በ40 በመቶ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ የቀን፣ የሳምንት፣ የወር ጥቅል ዋናው ሸቀጥ ሆነ። በ2021 በስልክ ገንዘብ መላኪያው ቴሌብር መጣ። በዚያው ዓመት የኬንያው ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ገባ፤ በ2022 አገልግሎት ጀመረ፤ በ2023 የራሱን ገንዘብ መላኪያ ኤምፔሳን አስከተለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአገር ቤት በ07 የሚጀምር ቁጥር ሲደወልላችሁ "የሌባ ነው" እያላችሁ አትዝጉት። የሳፋሪኮም ነው። የወንድማችሁ ልጅ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ገንዘቡ የት እንደገባ አያችሁ። ድሮ ከእናንተ ካርድ በዶላር ይወጣ የነበረው፣ ዛሬ ከእናታችሁ ስልክ በብር ይወጣል። ክፋት የለውም፤ ሰዉ ከድሮው በብዙ እጥፍ ይገናኛል። የፍኖተ ሰላም ነጋዴ የበርበሬውን መልክ ፎቶ አንሥቶ አዲስ አበባ ላለው ደንበኛው በቴሌግራም ይልካል፤ ዋጋ ይቆርጣሉ፤ ገንዘቡ በስልክ ይገባል። ይህን የጥንቱ ካርድ አያደርገውም ነበር። እኔን የሚከነክነኝ እዚህ ያለው ባለ ደመወዝ "ነጻ ነው" ብሎ ሲያወራ ወጪው ጡረተኛ እናቱ ላይ ማረፉ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥቅል ላኩ። ለበዓል ከምትልኩት ገንዘብ ለይታችሁ፣ በየወሩ። ከውጭ ሆኖ ካርድ መሙላት ይቻላል፤ አዲስ አበባ ያለ ወንድም ካላችሁም በቴሌብር ወይም በ*999# ጥቅሉን ገዝቶ በስጦታ ይልክላታል። "ብር ልኬላታለሁ፣ ከዚያ ትሙላ" የምትሉ አላችሁ። አትሞላም። እጇ የገባው ብር ለዘይትና ለማኅበር ጠላ ይውላል እንጂ ለዳታ አይወጣም። ዳታ ሆኖ ከመጣ ግን ሌላ ምርጫ የለውም፤ ትደውልበታለች።

ቀጥሎ ቪዲዮውን ቆጥቡ። በድምፅ ብቻ ስታወሩ በደቂቃ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜጋ ባይት በታች ነው። ቪዲዮ ብዙ እጥፍ ይበላል። ፊቷን አይታችሁ ሰላም ካላችኋት በኋላ ካሜራውን ዝጉና ወጋችሁን ቀጥሉ። ዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ ጥሪ ትንሽ ዳታ እንዲወስድ የሚያደርግ ማብሪያ አለ። ከሁሉ በላይ የሚጎዳት ግን ጥሪው ላይሆን ይችላል። የቤተሰብ ግሩፑ ነው። አንዱ የሰርግ ቪዲዮ ይለጥፋል፣ ሌላው ስብከት፣ ሦስተኛው በየጠዋቱ አበባ ያለበት "እንደምን አደራችሁ"። ስልኳ ሁሉንም በራሱ ያወርዳል። ሰኞ የገባ ጥቅል ረቡዕ ያልቃል። አውቶ ዳውንሎዱን አጥፉላት። ከአበባ ላኪዎቹም ገላግሏት፤ ስም አልጠራም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቀጥታውን መስመር፣ ያለ ኢንተርኔት የሚደወለውን ተራውን ጥሪ፣ አትርሱት።

ጎጃም ዘመድ ያለን ሰዎች ይህን የተማርነው በመከራ ነው። በሰኔ 2019 ባሕር ዳር ላይ ያ ሁሉ በሆነ ጊዜ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ጠፋ። በ2023 የካቲት ቴሌግራምና ፌስቡክ ተገድበው ወራት ቆዩ። በዚያው ዓመት በኦገስት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ዳታ ተዘጋ፤ ብዙ ቦታ ወራት ተቆጠሩ። ተራውም ጥሪ በየቦታው ይቆራረጥ ነበር። ሲሠራ ግን የሚሠራው እሱ ብቻ ነበር። የዚያን ጊዜ ስንቱ ሰው የእናቱን ቁጥር ሲፈልግ ያገኘው የዋትስአፕ ስም ብቻ ነው። ቁጥሩ የድሮ፣ ሲሙ የጠፋ። ደብረ ማርቆስ ያለ ዘመዱን ለማግኘት አምስት ሰው ያስቸገረ ወዳጅ አለኝ።

የእናታችሁን፣ የጎረቤቷን፣ ከተማ ያለ ባለ ሱቅ ዘመድ ካለም የእሱን፣ የሚሠራ ቀጥታ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡ። ባለ ቁልፍ ስልኳንም አትጣሉባት። ስማርት ስልክ በገዛችሁላት ማግሥት "ይቺን ለሠራተኛዋ ስጫት" የምትሉትን ተዉ። መብራት ሲጠፋ ቀናት የሚቆየው የዚያች ስልክ ባትሪ ነው። ቾቄ ተራራ ሥር ላለ መንደር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዳይሬክት ለመደወል ስካይፕ ላይ ገንዘብ ሞልተው ይጠቀሙ የነበሩ ብዙ ነበሩ። ስካይፕ በግንቦት 2025 ተዘግቷል። ቫይበር አውት አለ፤ ሌሎችም አሉ። ሲበዛ የረከሰውን ግን ጠርጥሩ። አንዳንዱ ርካሽ አገልግሎት ጥሪያችሁን በሕጋዊው መንገድ አያስገባም፤ አገር ቤት ሲም በተደረደረበት ሳጥን በኩል ያሾልከዋል። ያኔ እናታችሁ ስልክ ላይ የሚታየው የእናንተ ቁጥር ሳይሆን የማታውቀው የ09 ቁጥር ነው። አታነሣም፤ ብታነሣም ድምፁ የጉድጓድ ነው። "ደውዬ ደውዬ አላነሣሽም" ብላችሁ ከመጣላት በፊት ምን ቁጥር እንደታያት ጠይቋት።

ስለ ሌቦች ደግሞ። አገር ቤት ብዙ ትልልቅ ሰዎች ዋትስአፕና ቴሌግራም የተከፈተላቸው ሞባይል ቤት ባለ ልጅ ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ልጁ ነው። ሌላው መንገድ የምትታወቀው ናት፦ "እትዬ፣ በስህተት ወደ እርስዎ ስልክ ኮድ ልኬ ነው፣ ይንገሩኝ።" እትዬ ደግ ናቸው፣ ይነግራሉ። በማግሥቱ ከእሳቸው ቴሌግራም ለእናንተ መልእክት ይመጣል፤ ታምሜያለሁ፣ በዚህ ቁጥር ላኩልኝ። ፎቶው የእሳቸው ነው። ስሙም የእሳቸው። በጽሑፍ በመጣ ልመና ብር አትላኩ። በቀጥታ መስመር ደውሉና ድምፃቸውን ስሙ። ካልተነሣ ጎረቤት ጋ ደውሉ። ድምፅ መስማት ብቻ አይበቃኝም የምትሉ፣ የሚያውቁትን አንድ ነገር ጠይቁ፤ የላሟን ስም በሉ። ባለ ሁለት ደረጃ ፒኑን (ከኮዱ ሌላ የሚጠየቀውን ቁልፍ) ደግሞ ከቤተሰብ አንድ የሚታመን ሰው ያብራላቸው።

ከገበያው ጋር ባይሄድም ሳልናገር የማላልፈው አለ። መርዶ። እኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ቤት ድረስ ተሂዶ ነው የሚነገረው። አሁን ሬሳው ሳይነሣ ግሩፑ ላይ ሻማ ይለጠፋል። የአባቱን ሞት ሥራ ቦታ፣ መኪና እየነዳ የሰማ አለ። ግሩፕ የምታስተዳድሩ ሰዎች ይህን በደንብ አስቡበት፤ ለቅርብ ቤተሰቡ ሳይረዳ ማንም እንዳይለጥፍ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ለገና ወይም ለጥምቀት የምትገቡ ከሆነ አንድ ከሰዓት ለእናታችሁ ስልክ ስጡት። ይህን ሁሉ በስልክ ማስረዳት ያታክታል፤ አጠገቧ ተቀምጣችሁ ግን ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ያልቃል። ለራሳችሁ በፓስፖርት የምታወጡትን ሲም ስትመለሱ ለማንም ትታችሁ አትሂዱ። ስማችሁ ላይ ነው የተመዘገበው፤ በእሱ የተደወለውም የተላከውም ብር የሚጠየቀው ከእናንተ ነው። አጎት "እዚህ ተዪልኝ፣ ጥሩ ቁጥር ነው" ካሉ፣ በስማቸው ሌላ አውጡላቸው።